ሥዕሉን አያችሁ፤ ታሪኩንስ ጠየቃችሁ?



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ገጣጥማችሁ፣ ይኸው ጋዜጣ ለማንበብ በቅታችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ! ዛሬ ደግሞ ስለ ሌላ ዓይነት ንባብ እናወጋለን። ስለ ሥዕል ንባብ።

«ሥዕል ደግሞ ምን ንባብ አለው? ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዓይን ያየዋል። ነገር ግን ማየትና ማወቅ አንድ አይደሉም። ከሩቅ ሲያዩት ያማረ የስንዴ ቡቃያ፣ ቀረብ ሲሉ እንክርዳድ ሆኖ ይገኛል። ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሥዕልም እንደዚሁ ነው። ቀረብ ብለው ካልጠየቁት ያታልላል።

በዚህ ጽሑፍ «ሥዕል» ስንል በእጅ የተሣለውንም፣ በካሜራ የተነሣውን ፎቶግራፍም ነው። ሠዓሊዎችና ፎቶ አንሺዎች ከሥራቸው ጀርባ ያለውን ታሪክ ሲናገሩ ምን እንዳሉ እንነግራችኋለን። ከነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ የገበሬ ሥዕሎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ እናንተን በቀጥታ ይነካል።

ሥዕል ማንበብ ለእኛ አዲስ አይደለም

አባቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ሥዕል ያነቡ ነበር። የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሰው ያውቀዋል። ጻድቁ ሁልጊዜ ፊቱ ሙሉ ነው። ሁለት ዓይኑም ይታያል። ሰይጣኑና ክፉው ሰው ግን ወደ ጎን ይዞራል። አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሠዓሊው በዚህ መንገድ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደ ሆነ ለማያነበው ሰው ይነግር ነበር።

የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን የቆዩ ሥዕሎችም አስታውሱ። የኢትዮጵያ ጦር ፊቱ ሙሉ ነው። ጣሊያኖቹ በጎን ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረስ ሆኖ ይታያል። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ የተሣሉት ከ1888 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ሠዓሊው ጦርነቱን በዓይኑ ባያይ እንኳ የሰማውን፣ የሚያምነውንና የሚወደውን ሣለ። ይህ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሠዓሊው ከየትኛው ወገን እንደ ቆመ በግልጽ አሳየ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የድሮ ሠዓሊዎች ከሥዕሉ አጠገብ በግዕዝ አጭር ጽሑፍ ይጽፉ ነበር። ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል። «እንዴት እንደ ሆነ» ማለት ነው። ቀጥሎ ማን ምን እንዳደረገ ይናገራል። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ስሙ ከግርጌ የሚጻፍበት ጊዜም አለ። እንግዲህ እነሱም ሥዕል ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቃል እንደሚያስፈልገው ዐውቀው ነበር ማለት ነው።

ሠዓሊው ራሱ ሲናገር

በአዲስ አበባ «አፍሪካ አዳራሽ» የሚባል ትልቅ ሕንፃ አለ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያ ነው። በአዳራሹ መግቢያ ከቀለማም መስተዋት የተሠራ ግዙፍ ሥዕል ይታያል። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። ወርዱም ቁመቱም 12 ሜትር ከሆነ ቦታ ይበልጣል። የሠራው አፈወርቅ ተክሌ ነው።

አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ። ልጅነቱ ያለፈው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በ1940 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሲላክ የማዕድን ምሕንድስና ተምሮ እንዲመለስ ነበር። እሱ ግን ልቡ ወደ ሥዕል አደላ።

የመስተዋቱ ሥዕል ሦስት ክፍል አለው። ዝም ብሎ ያየው ሰው ብዙ ቀለምና ብዙ ሰው ብቻ ያያል። ሠዓሊው ሲያስረዳ ግን አንደኛው ክፍል ያለፈውን የአፍሪካን መከራ፣ ሁለተኛው ትግሏን፣ ሦስተኛው ተስፋዋን ያሳያል። ይህን የሰማ ሰው ተመልሶ ሲያይ ሥዕሉን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ይጀምራል። መስተዋት ደግሞ ያለ ፀሐይ ብርሃን አያምርም። ቀለሙ የሚነሣው ጀርባው ላይ ብርሃን ሲያርፍ ነው። የሥዕል ታሪክም ለሥዕሉ እንደዚያ ብርሃን ነው።

ሠዓሊ ያሰበውን ይሥላል። ፎቶ አንሺስ? ካሜራ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚይዘው። ታዲያ ፎቶግራፍ ይዋሻል? ይህን ለማየት ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ አሜሪካ ገበሬዎች እንሂድ።

የአተር ለቃሚዋ እናት

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 1936 ነው። በእኛ 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ወሩም አባቶቻችን በማይጨው ከጣሊያን ጋር የተዋጉበት የመጋቢት ሰሞን ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሥራ ጠፍቶ፣ ገበያ ወድቆ፣ ብዙ ሕዝብ ተቸግሯል። ድርቅም ገብቷል። ነፋስ የእርሻውን አፈር እየጠረገ ይወስድ ነበር። ብዙ ገበሬ መሬቱን ለቆ በየእርሻው የቀን ሥራ እየለመነ ይዞር ጀመር።

ዶሮቲያ ላንግ የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት አንድ እግሯ ያነክስ ነበር። መጀመሪያ በከተማ ሱቅ ከፍታ የባለጸጎችን ፎቶ ታነሣ ነበር። በኋላ የተፈናቀሉ ገበሬዎችን ለሚረዳ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ የገበሬውን ኑሮ በፎቶ አንሥታ ለመንግሥትና ለሕዝብ ማሳየት ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1960 እ.ኤ.አ.፣ ያን ቀን እንዲህ ስትል አስታወሰች። የወሩን ሥራ ጨርሳ በመኪና ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነው። ዝናብ ይዘንባል። ደክሟታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ በሚባል ቦታ በመንገድ ዳር አንድ ምልክት አየች። የአተር ለቃሚዎች ሰፈር መሆኑን ይናገራል። አልፋው ሄደች። «በቂ ፎቶ አንሥቻለሁ» ብላ ራሷን አሳመነች። ነገር ግን ሐሳቡ አልለቀቃትም። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ መኪናዋን አዙራ ተመለሰች።

በሰፈሩ አተሩን ውርጭ መትቶታል። የሚለቀም የለም። ሥራ የለም ማለት ምግብም የለም ማለት ነው። አንዲት እናት በተቀደደ ድንኳን ሥር ከልጆችዋ ጋር ተቀምጣለች። ላንግ እየቀረበች፣ እየቀረበች ጥቂት ፎቶዎች አነሣች።

የመጨረሻው ፎቶ በዓለም ታወቀ። እናቲቱ እጅዋን ወደ ጉንጭዋ አድርጋ ሩቅ ታያለች። ግንባርዋ ተቋጥሯል። ሁለት ልጆች ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ትከሻዋ ላይ ተደግፈዋል። አንድ ሕፃን ጭንዋ ላይ ተኝቷል። ፎቶው ከነበረበት ማሳ ምንም አያሳይም። ድንኳኑም እምብዛም አይታይም። የሚታየው የእናት ጭንቀት ብቻ ነው።

ፎቶዎቹ ጋዜጣ ላይ ወጡ። የአሜሪካ መንግሥትም ለዚያ ሰፈር 90 ኩንታል ያህል ምግብ ላከ። እንግዲህ አንድ ፎቶ እህል አስጫነ ማለት ነው። ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ጎደለ። ላንግ የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም። ይህን ራሷ ተናግራለች። ከፎቶው ሥር የተጻፈው «የተቸገሩ አተር ለቃሚዎች፤ የሰባት ልጆች እናት፤ ዕድሜ 32» የሚል ቃል ነው። ስም የለም። የመጣችበት አገር የለም።

ባለ ፎቶዋስ ምን አለች?

ዓርባ ዓመት አለፈ። ፎቶው በመጽሐፍ፣ በጋዜጣ፣ በየግድግዳው ወጣ። በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ ጋዜጠኛ እናቲቱን አገኛት። ስምዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን ነው። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከቼሮኪ ወገን ናት። ፎቶውን ዓለም ሁሉ ሲያይ ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

ምን አለች መሰላችሁ? «እሰይ፣ ታወቅሁ» አላለችም። ተቆጣች። ባልተነሣሁ ይሻለኝ ነበር አለች። ከፎቶው አንዲት ሳንቲም እንዳላገኘች ተናገረች። ፎቶ አንሺዋ ስምዋን አልጠየቀችም። ፎቶው አይሸጥም ብላ ቃል ገብታልኝ ነበር ስትልም ወቀሰቻት።

ላንግ በበኩሏ የቤተሰቡ ሰዎች ምግብ ለመግዛት የመኪናቸውን ጎማ እንደ ሸጡ ተናግራ ነበር። የእናቲቱ ልጅ ግን ይህ ልክ አይደለም አለ። መኪናችን ተበላሽቶ ልናሠራው ቆመን ነበር እንጂ ጎማ አልሸጥንም፤ የሌላ ቤተሰብ ታሪክ ከእኛ ጋር ተደባልቆ ይሆናል ሲል አስረዳ። ያ 90 ኩንታል ምግብ ሲደርስም እነሱ መኪናውን አሠርተው ከሰፈሩ ሄደው ነበር። ፎቶዋ እህል ያስጫነው እናት ከዚያ እህል አልቀመሰችም።

ታዲያ ፎቶው ውሸት ነው? አይደለም። ችግሩ እውነት ነበር። ውርጩም እውነት ነበር። ረኀቡም እውነት ነበር። ላንግም በፎቶው አልበለጸገችም፤ ፎቶው የመንግሥት ንብረት ነው። ደግ አስባ ደግ ሥራ ሠርታለች። ነገር ግን የአንዱ ሰው ታሪክ በሌላ ሰው ቃል ሲነገር መሳቱ አይቀርም። ስም ሲጠፋ ሰው ይጠፋል። ያች ብርቱ ሴት ሠርታ፣ ተሟግታ ልጆችዋን ያሳደገች ነበረች። ፎቶው ግን ለዘለዓለም «ችግረኛዋ እናት» አድርጎ አስቀራት።

በ1983 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ ታመመች። ልጆችዋ ለማሳከሚያ ርዳታ ጠየቁ። ፎቶውን የሚያውቅ ብዙ ሰው ደብዳቤና ገንዘብ ላከ። ልጆችዋ ያን ፎቶ እንደ ኀፍረት ያዩት ነበር። ደብዳቤዎቹን ሲያነቡ ግን እናታቸው ለስንቱ ሰው ብርታት እንደ ሰጠች ተረዱ። ኀፍረቱ ወደ ኩራት ተለወጠ። ፍሎረንስ በዚያው ዓመት ዐረፈች። እንግዲህ ፎቶው አልተለወጠም። የተለወጠው የታወቀው ታሪክ ነው።

የሰንጋው ራስ ቅል

በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው መሥሪያ ቤት፣ አርተር ሮትስታይን የሚባል ወጣት ፎቶ አንሺ ነበር። ደቡብ ዳኮታ በሚባል የአሜሪካ ክፍል በድርቅ በተሰነጣጠቀ መሬት ላይ የሰንጋ ራስ ቅል አገኘ። ፀሐይና ዝናብ አንጥተውታል። ሮትስታይን የተለያየ ፎቶ ለማንሣት ራስ ቅሉን ሦስት ሜትር ያህል ከቦታ ወደ ቦታ አዛወረው።

ያ ዓመት በአሜሪካ የምርጫ ዓመት ነበር። የመንግሥቱ ተቃዋሚ የሆኑ ጋዜጦች ይህን ሰሙ። «ራስ ቅሉ ከቦታ ቦታ ይዞራል! ድርቁም የፈጠራ ወሬ ነው!» ብለው ጮኹ። ፎቶ አንሺው ብርሃኑንና ጥላውን እየሞከርኩ ነው ያዛወርኩት ሲል አስረዳ። ጩኸቱ ግን ቶሎ አልበረደም።

ልብ በሉ! ድርቁ ነበረ። ከብቱም አልቋል። ለዚህ ብዙ ማስረጃ ነበረ። አንድ ራስ ቅል ሦስት ሜትር በመንቀሳቀሱ ግን እውነተኛውን ችግር «የለም» ለማለት ለሚፈልግ ሰው በር ተከፈተ። ትንሽ ማስመሰል ትልቅ እውነት ያበላሻል ማለት ይህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ተቃዋሚዎቹም ወደ ደረቀው መሬት ሄደው ገበሬውን አልጠየቁም። በከተማ ተቀምጠው ስለ ራስ ቅሉ ተከራከሩ። የእኛ ሰው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚለው ይህን ዓይነቱን ነው።

ሁለት እውነት ጎን ለጎን ሲቀመጥ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ከባድ ረኀብ ገባ። በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። መንግሥቱ ነገሩን ደበቀው። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ፊልም አነሣ። ፊልሙ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ያየው ሕዝብ ደነገጠ። ርዳታም ተዋጣ።

ይኸው ፊልም በአገራችን ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ያሳየው ደርግ ነው። ነገር ግን ፊልሙ እንደ መጣ አልታየም። በረኀብተኞቹ መካከል የንጉሡ የግብዣና የድግስ ሥዕሎች ገቡበት። እዚህ የሚሞት ሕፃን፣ እዚያ ለውሻ የሚሰጥ ሥጋ። በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ረኀቡ እውነት ነበር። ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሦስተኛ ነገር ተናገሩ። ያን ሦስተኛ ነገር የተናገረው ካሜራው አይደለም። ሥዕሎቹን ቆርጦ የቀጠለው ሰው ነው። በቃል ያልተጻፈ ፍርድ ነበር። ፍርዱ ትክክል ነው የሚልም፣ አይደለም የሚልም ሊኖር ይችላል። አንባቢ ግን ማን እንደ ፈረደ ማወቅ አለበት።

ከ10 ዓመት በኋላስ? በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያው ደርግ 10ኛ ዓመቱን በትልቅ ድግስ አከበረ። በዚያው ጊዜ በሰሜን ሕዝብ በረኀብ ያልቅ ነበር። ጋዜጠኞች ወደዚያ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። የሌላውን ድግስ በሥዕል ያሳየ መንግሥት የራሱን ድግስ ከረኀቡ ጎን እንዲታይ አልፈለገም!

ኮረም

በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ሞሐመድ አሚን የሚባል ኬንያዊ ፎቶ አንሺ ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ኮረምና መቀሌ ደረሰ። ያነሡት ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ። ቀጥሎም በዓለም ዙሪያ በብዙ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታየ። ከዚህ በኋላ ዘፋኞች ተሰባስበው ዘፈኑ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በአሜሪካ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደርጎ ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። ብዙ ነፍስ ዳነ።

አሚን ብዙ ጦርነት ያየ ሰው ነበር። ኮረም ያየው ግን ከሁሉ የተለየ እንደ ነበር ተናግሯል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እሱ ፊልም እያነሣ ነበር። ግራ እጁን አጣ። የድምፅ ባለሙያ ባልደረባው ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ሥራውን ቀጠለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈ የኢትዮጵያ አውሮፕላን በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ሲወድቅ ሕይወቱ አለፈ።

በዚያ ፊልም አንዲት ነርስም ትታያለች። ክሌር በርትሺንገር ትባላለች። መቀሌ ውስጥ ከብዙ ልጆች መካከል ወደ ምግብ ጣቢያው የሚገቡትን ትመርጥ ነበር። ከሺህ በላይ ልጅ ይጠብቃል፤ ቦታው ግን ለ60 ወይም ለ70 ብቻ ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ረጋ ብላ ስትሠራ ነው። ብዙ ዓመት ቆይታ በ2005 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታሪኳን ስትናገር ግን ውስጧ እንዴት ይቃጠል እንደ ነበር ታወቀ። ራሷን እንደ ሞት ፈራጅ ታይ ነበር። ፊልሙ እጅዋን አሳየ። ልብዋን አላሳየም።

ያ ፊልም ያላሳየው ሌላም ነገር አለ። የደረቀ መሬትና የከሳ ሰው አሳየ። ረኀቡ ግን ከዝናብ መጥፋት ብቻ የመጣ አልነበረም። በሰሜን ጦርነት ነበረ። ጦርነቱ መንገድ ዘጋ፣ ገበያ በተነ፣ ገበሬውን ከማሳው ነቀለ። በሩቅ አገር ፊልሙን ያየው ሕዝብ «ሰማይ ጨከነባቸው» ብሎ አዘነ። የሰው እጅ እንዳለበት የተረዳው ግን ጥቂት ነው። ሥዕል ረኀብን ያሳያል። የረኀብን ምክንያት ማሳየት ግን ይቸግረዋል። ምክንያቱን መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ከሥዕሉ የወጣችው ልጅ

በዚያው ዘመን የካናዳ ቴሌቪዥን ሰዎች መቀሌ አጠገብ አንዲት ትንሽ ልጅ ቀረጹ። ልጅቱ ልትሞት ደቂቃዎች ቀርተዋታል ተብሎ ነበር። ፊትዋ በዓለም ሁሉ ታየ። የረኀብ ምልክት ሆነ።

ልጅቱ ግን አልሞተችም። ስምዋ ብርሃን ወልዱ ነው። አደገች። ተማረች። የተማረችው ምን መሰላችሁ? ግብርና! ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን በተደረገ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ቆመች። በስተጀርባዋ ያ የሕፃንነት ሥዕልዋ ይታይ ነበር። የግብርና ፈተናዋን የተፈተነችው በዚያው ሰሞን ነው።

እስቲ አስቡት! ሥዕሉ የሚያሳየው ሞትን ነበር። ታሪኩ ግን ሕይወት ሆነ። ሥዕል አንዲት ቅጽበት ብቻ ናት። የሰው ሕይወት ግን ከቅጽበቱ በፊትም፣ በኋላም አለ። ገበሬም እንደዚሁ ነው። በድርቅ ቀን የተነሣው ፎቶ የገበሬ ሕይወት ሁሉ አይደለም። ያ ገበሬ ያርሳል፣ ያዘምራል፣ ይድራል፣ ይኳላል፣ ያስታርቃል። ይህን ሁሉ ከጎተራው ጋር የሚያነሣ ፎቶ አንሺ ግን እምብዛም አይመጣም።

እኛስ ምን እናድርግ?

ዛሬ ሞባይል ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ ነው። የአንድ አገር ፎቶ የሌላ አገር ነው ተብሎ ይሠራጫል። የዛሬ 20 ዓመት የተነሣው «ትናንት የሆነ» ይባላል። ጭራሽ ያልነበረን ነገር በኮምፒውተር ሠርተው ያሳያሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነውና፣ አንድ ሥዕል ስታዩ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ።

1. ማን ሣለው? ማን አነሣው? ማንስ ላከው?
2. መቼና የት ነው?
3. በሥዕሉ ያለው ሰው ማን ይባላል? ፈቃዱን ተጠይቋል?
4. ከሥዕሉ ውጭ የቀረው ምንድን ነው? ምክንያቱስ?
5. ከሥዕሉ ሥር ምን ተጻፈ? ከምን ጋር ጎን ለጎን ተቀመጠ?

መልስ ያጣችሁለትን ሥዕል አትፍረዱበት፤ አትፍረዱለትም። ለሌላ ሰው ከማሳየታችሁ በፊትም ቆም በሉ።

እናንተን ፎቶ ሊያነሣ የሚመጣ ሰው ቢኖር ደግሞ በትሕትና ጠይቁት። «ለምን ትፈልገዋለህ? የት ታወጣዋለህ? ስሜን እንዴት ትጽፈዋለህ?» በሉት። ካልወደዳችሁ «አይሆንም» ማለት መብታችሁ ነው። ከተስማማችሁ ስማችሁን ከነአባታችሁ ራሳችሁ ጻፉለት። ፎቶውን እንዲልክላችሁም ጠይቁ። ፍሎረንስ ይህን ዕድል አላገኘችም። እናንተ ግን ጽሕፈት ዐውቃችኋል።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለ ወይም በሣጥን የተቀመጠ ፎቶ አለ? የሠርግ፣ የአያት፣ የማኅበሩ ስብሰባ፣ የልጅ ምርቃት ሊሆን ይችላል። አውጡት። ገልብጡት። ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ በጀርባው በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ። ከግራ ወደ ቀኝ ያሉት ሰዎች ስም። የተነሣበት ቦታና ዓመተ ምሕረት። ያነሣው ሰው። በመጨረሻም በፎቶው የማይታይ አንድ ነገር። ለምሳሌ «በዚህ ዓመት አንበጣ ጤፉን በልቶት ነበር» ወይም «ፎቶው በተነሣ በወሩ ውኃው ወጣ» ብላችሁ ጨምሩ።

ዛሬ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ፎቶው «አንድ የማይታወቅ ገበሬ» ሆኖ ይቀራል። በእናንተ እጅ የተጻፈ አንድ መሥመር ግን ያን ሰው በስሙ ያኖረዋል።

አዲስ ቃላት

ቅጽበት — ዓይን እስኪጨፈን ያለ በጣም አጭር ጊዜ።
ካሬ ሜትር — ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ቦታ።
ነባር ሕዝብ — በአንድ አገር ከሁሉ በፊት የኖረ ሕዝብ።

ለውይይት

በማኅበራችሁ ወይም በንባብ ክፍላችሁ ተሰባስባችሁ በነዚህ ላይ ተነጋገሩ።

1. የአተር ለቃሚዋ ፎቶ ለሰፈሩ ጠቀመ፤ እናቲቱን ግን አስቆጣ። ፎቶ አንሺዋ ምን ብታደርግ ሁለቱም ይስማሙ ነበር?
2. ስለ ቀበሌያችሁ አንድ ፎቶ ብቻ ለዓለም የሚታይ ቢሆን የትኛውን ትመርጣላችሁ? ከሥሩስ ምን ትጽፋላችሁ?